ቲታኒየም ያለበት የብረት ማዕድን እንዴት ይቀልጣል?

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚታየው ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለው በምድር ታሪክ ቅርብ በሚባል ዘመን የፈሰሰ ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የሠራው ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የወጣው ነው። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይህንን ዐለት እየሸረሸሩ አሸዋና ደለል ወደ ሐይቁ ያወርዳሉ። ከእንዲህ ያለው የባዛልት አሸዋ ጥቂት አድርቆ፣ ማግኔት በወረቀት ጠቅልሎ በላዩ ያመላለሰ ሰው፣ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶች በወረቀቱ ላይ እንደ ጢም ቆመው ሲጣበቁ ያያል።

ይህን ያየ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማግኔት የሚስበው ብረት ከሆነ ለምን አቅልጠን አንጠቀምበትም?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አገራችን ለቤት ክዳን፣ ለድልድይ፣ ለማረሻና ለመኪና የሚያስፈልጋትን ብረት በአብዛኛው ከውጭ ታስመጣለች፤ ያሉን የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም የሚሠሩት ከውጭ በመጣ ያልተጠናቀቀ ብረትና ከአገር ውስጥ በሚሰበሰብ ውዳቂ ብረት ነው። ስለዚህ በመሬታችን ውስጥ ያለው ማዕድን ለምን እንደማይቀልጥ፣ ወይም በምን መንገድ ሊቀልጥ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል።

የጣና ዳር አሸዋ ተቆፍሮ ፋብሪካ ይቁምበት ማለታችን እንዳልሆነ አስቀድመን እንገልጻለን። አሸዋው ለእኛ መማሪያ ነው። በእርሱ ውስጥ የምናገኘው የብረትና የቲታኒየም ጥምረት በሌሎች የአገራችን ክፍሎች በብዛት ተከማችቶ ስለሚገኝ፣ ነገሩን በቅርባችን ካለው ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የአገራችን ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ አገሮቹ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ማዕድኑ ምንድን ነው?

ብረት በተፈጥሮ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። አብዛኛው ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ከእነዚህ ውሑዶች መካከል ማግኔታይት ሦስት እጅ ብረትና አራት እጅ ኦክሲጅን የተጣመሩበት ሲሆን በክብደቱ ከመቶ 72.4 እጅ ብረት አለው። ኢልሜናይት የሚባለው ደግሞ ብረት፣ ቲታኒየምና ኦክሲጅን ሦስቱ በአንድነት የተጣመሩበት ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከመቶ 36.8 እጅ ብቻ ሲሆን፣ ቲታኒየም ከመቶ 31.6 እጅ፣ የቀረው ኦክሲጅን ነው።

ቲታኒየም ራሱ የታወቀው በጥቁር አሸዋ አማካይነት ነው። ዊሊያም ግሬጎር የተባለው እንግሊዛዊ ካህን በ1791 በኮርንዎል አውራጃ ከአንድ ጅረት ማግኔት የሚስበውን ጥቁር አሸዋ ወስዶ ሲመረምር ከብረቱ ሌላ የማይታወቅ ንጥረ ነገር ኦክሳይድ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ክላፕሮት የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ያንኑ ንጥረ ነገር በሌላ ማዕድን ውስጥ አግኝቶ ቲታኒየም ብሎ ሰየመው።

የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልቶች በቲታኒየም መጠናቸው ይለያያሉ። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ዐለት ሲከፍሉ፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ቲታኒየም ያነሰው፣ ወደ ምሥራቅ በላስታ በኩል ያለውን ቲታኒየም የበዛው ብለው ይለዩታል። በዚህ ዐለት ውስጥ ያለው ብረትና ቲታኒየም ተበትኖ ያለ በመሆኑ ማዕድን ሊባል አይችልም። ማዕድን የሚባለው ተፈጥሮ ራሷ አከማችታ ያስቀመጠችው ነው። ይህን የመሰለ ክምችት በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አጠገብ በቢቂላል፣ እንዲሁም በደቡብ ኢትዮጵያ በመልካ አርባ ተገኝቷል። የቢቂላሉ በአሥር ሚሊዮኖች ቶን የሚገመት ሲሆን፣ ማግኔታይት፣ ኢልሜናይትና አፓታይት የተባለው የፎስፎረስ ማዕድን በአንድነት ይገኙበታል።

፪. ኦክሲጅንን ስለ ማስለቀቅ

ማዕድንን ማቅለጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ድንጋዩን በእሳት ማሟሟት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ኦክሳይድን የቱንም ያህል ቢያቀልጡት የቀለጠ ኦክሳይድ ይሆናል እንጂ ብረት አይሆንም። ዋናው ሥራ ብረቱ የያዘውን ኦክሲጅን ማስለቀቅ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ካርቦን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ በጋለው ማዕድን መካከል ሲያልፍ ኦክሲጅኑን ከብረቱ ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ብረቱም ብቻውን ይቀራል።

ነገር ግን ንጥረ ነገሮች ሁሉ ኦክሲጅንን በእኩል ጥንካሬ አይዙም። ይህን በሙቀት መጠን መለካት ይቻላል። 32 ግራም ኦክሲጅን ከብረት ጋር ተጣምሮ የብረት ኦክሳይድ ሲሆን 540 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ያው 32 ግራም ከቲታኒየም ጋር ሲጣመር ግን ወደ 940 ኪሎ ጁል ይወጣል። ሲጣመሩ የወጣውን ሙቀት ሲለያዩ መመለስ ግድ ስለሆነ፣ ቲታኒየም ኦክሲጅኑን ለመልቀቅ እጅግ የሚያስቸግር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ካርቦን ከብረት ኦክሲጅን መውሰድ የሚችለው ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ከቲታኒየም ግን በዚህ ሙቀት ምንም ሊወስድ አይችልም።

እንግዲህ በአንድ ማዕድን ውስጥ አንዱ ቶሎ የሚለቅ፣ ሌላው አጥብቆ የሚይዝ ሁለት ንጥረ ነገር አለ። ይህ መልካም አጋጣሚ ሊመስል ይችላል፤ ብረቱን ወስዶ ቲታኒየሙን ከነኦክሲጅኑ መተው ይቻላልና። በእርግጥም መንገዱ ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለ ምድጃው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ካላወቀ ነው።

፫. የቀጥቃጮቻችን ምድጃ

በአገራችን ብረት ከማዕድን ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤላውያን በቀጥቃጭነት የታወቁ ነበሩ፤ በደቡብ ምዕራብ የዲሜ ሰዎችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ብረት ከማዕድን ያወጡ እንደ ነበረ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ምድጃው ከጭቃ የሚሠራ ሲሆን፣ ማዕድንና የእንጨት ከሰል እየተደራረበ ይጨመርበታል፤ አየሩን ወናፍ ይሰጠዋል።

የእንዲህ ያለው ምድጃ ሙቀት 1,200 ዲግሪ ገደማ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ስለሆነ በዚህ ምድጃ ውስጥ ብረቱ አይፈስም። እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይወጣና በመስፍ ላይ እየተቀጠቀጠ ይጠራል። የሚፈሰው፣ የብረት አር የሚባለው ጉድፍ ነው። በጉድፉ ውስጥ ብዙ የብረት ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ ብክነት መስሎ ቢታይም ሥራውን የሚያሠራው እርሱ ነው፤ የብረት ኦክሳይዱ ከአሸዋው ሲሊካ ጋር ተጣምሮ ጉድፉ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥና እንዲፈስ ያደርገዋልና።

እዚህ ላይ የምናስተውለው ቁም ነገር አለ። ጥንታዊው ምድጃ ሙቀቱ ዝቅተኛ፣ ካርቦኑም መጠነኛ በመሆኑ ቲታኒየሙን አይነካውም፤ ከነኦክሲጅኑ ወደ ጉድፉ ይሄዳል። በጃፓን ታታራ የሚባለው ጥንታዊ ምድጃ ቲታኒየም ያለበትን የብረት አሸዋ በእንጨት ከሰል እያቀለጠ ለሰይፍ የሚሆን ብረት ያወጣ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ሥራ ብረቱን ግማሽ በግማሽ በጉድፉ ውስጥ ያስቀራል፤ ደንም ይፈጃል። ለማረሻና ለመጥረቢያ ይበቃል እንጂ ለዛሬ ፍላጎት አይበቃም።

ከባሕር ዳር በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የብዙዎቻችን መኩሪያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ይህ መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የተሠራው ግን ከነሐስ ነው። ነሐስ ከ1,000 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ ሊፈስና በቅርጽ ሊገባ ይችላል፤ ብረትን እንደዚያ ለማፍሰስ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። በብረትና በነሐስ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነበረ።

የቀጥቃጮቻችን ዕውቀት ሳይጻፍ የቀረው ሠሪዎቹ ስለ ተናቁ ጭምር ነው። ማረሻውን እየፈለጉ ማረሻ ሠሪውን ቡዳ ማለት የቆየ ልማድ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ቢወጣም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። ሰው የሚሰደብበትን ሥራ ለልጁ ማውረስ ስለሚከብደው፣ የትኛው ማዕድን በምን ከሰል ይሻላል የሚለው የብዙ ዘመን ልምድ ከአዛውንቶቹ ጋር ተቀብሯል።

፬. ዘመናዊው ረጅም ምድጃ ለምን ይቸገራል?

በዓለም ላይ ከማዕድን የሚወጣው ብረት አብዛኛው የሚቀልጠው ከታች የጋለ አየር በሚነፋበት ረጅም ምድጃ ነው። ከላይ ማዕድን፣ ኮክ የተባለው ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ነዳጅና የኖራ ድንጋይ ይጨመራል። ከታች የቀለጠ ብረት ይወርዳል፤ በላዩም የቀለጠው ጉድፍ ይንሳፈፋል። ሥራው ሊቀጥል የሚችለው ሁለቱም እንደ ልብ ሲፈሱ ብቻ ነው።

ቲታኒየም የበዛበት ማዕድን በዚህ ምድጃ ሲገባ፣ ከታች ሙቀቱ 1,500 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስና ካርቦኑም የተትረፈረፈ ስለሆነ፣ ከቲታኒየም ኦክሳይዱ ጥቂቱ ኦክሲጅኑን መልቀቅ ይጀምራል። ነገር ግን ቲታኒየም ብረት ሆኖ አይወጣም። ከካርቦኑ ጋር ተጣምሮ ቲታኒየም ካርባይድ፣ በአየሩ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ጋር ተጣምሮ ቲታኒየም ናይትራይድ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ የሚቀልጡት በ3,000 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በቀለጠው ጉድፍ ውስጥ ደረቅ ቅንጣት ሆነው ይቀራሉ። ቀጭን አጥሚት የነበረው ጉድፍ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ የብረት ጠብታዎችን ይዞ ያስቀራል፤ በመጨረሻም መውጫውን ይዘጋል።

እንዲህ ያለው ችግር ሲያጋጥም ብዙ ነዳጅ ጨምሮ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ሰው ሁሉ የሚያስበው መፍትሔ ነው። እዚህ ግን ሙቀቱና ካርቦኑ በተጨመረ ቁጥር ካርባይዱ ስለሚበዛ ጉድፉ ይብሱን ይወፍራል። ይኸው ጠባይ በጥቂቱ ሲሆን ጠቃሚ መሆኑም የታወቀ ነው፤ የምድጃቸው ወለል የሳሳባቸው ፋብሪካዎች ጥቂት የቲታኒየም ማዕድን ሆን ብለው ይጨምራሉ፤ ካርባይዱና ናይትራይዱ በተበላው ጡብ ላይ ተጋግሮ ይጠብቀዋል።

በቻይና በፓንጂሁዋ ከተማ ከ1970 ጀምሮ ቲታኒየም የበዛበት ማዕድን በረጅሙ ምድጃ ይቀልጣል። ይህም የተቻለው የምድጃውን ሙቀት በልክ በመያዝና ካርባይዱ እንዳይበዛ በመጠንቀቅ ነው። ይሁን እንጂ ቲታኒየሙ ከኖራውና ከሌላው ጉድፍ ጋር ስለሚቀላቀል መልሶ ለማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ በፋብሪካው አጠገብ በብዛት ተከምሯል። ብረቱ ተገኘ፤ ቲታኒየሙ ግን ተጣለ ማለት ነው።

፭. የኤሌክትሪኩ መንገድ

ሁለተኛው መንገድ ሙቀቱን ከኤሌክትሪክ፣ ኦክሲጅን የማስለቀቁን ሥራ ብቻ ከካርቦን ማግኘት ነው። በካናዳ በኪቤክ አገር ከ1950 ገደማ ጀምሮ፣ በደቡብ አፍሪካ በሪቻርድስ ቤይ ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢልሜናይት በዚህ ዓይነት ይቀልጣል።

ሒሳቡን በአጭሩ እናሳይ። 100 ኪሎ ንጹሕ ኢልሜናይት ብንወስድ፣ በውስጡ 36.8 ኪሎ ብረት፣ ከብረቱ ጋር የተያያዘ 10.5 ኪሎ ኦክሲጅን፣ 52.7 ኪሎ ደግሞ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለ። ያንን 10.5 ኪሎ ኦክሲጅን ለማስለቀቅ በሒሳብ የሚበቃው ካርቦን 8 ኪሎ ያህል ነው። በከሰል ምድጃ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይነዳል፤ አብዛኛው የሚነደው ሙቀት ለመስጠት ስለሆነ ነው። ሙቀቱ ከኤሌክትሪክ ሲመጣ ካርቦኑን መዝኖ መስጠት ይቻላል፤ መዝኖ መስጠት ማለትም የት ላይ እንደሚቆም መወሰን ማለት ነው።

በእነዚህ ፋብሪካዎች የሚያቆሙት ብረቱ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። በጉድፉ ውስጥ ሆን ተብሎ ከመቶ 10 እጅ ገደማ የብረት ኦክሳይድ ይተዋል፤ የቀጥቃጮቻችን ጉድፍ በብረት ኦክሳይድ ይፈስ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ይህም በርሱ ይፈሳል። የቀረው ጉድፍ ከመቶ 80 እስከ 85 እጅ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጉድፍ አይጣልም። ለቤትና ለመኪና ቀለም፣ ለወረቀትና ለፕላስቲክ ንጣት የሚሰጠው ነጭ ዱቄት የሚሠራው ከዚህ ነው። እንዲያውም በእነዚህ ፋብሪካዎች ዋናው ሸቀጥ ጉድፉ፣ ተጨማሪው ብረቱ ነው። የቲታኒየም ብረት ራሱ ሲፈለግ ግን ካርቦን ስለማይሆን፣ ኦክሳይዱ መጀመሪያ ወደ ክሎራይድ ተለውጦ በማግኔዝየም ይለያል፤ ይህን ዘዴ ያወጣው ክሮል የተባለው ሊቅ ነው።

በኒው ዚላንድ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ያለውን ጥቁር አሸዋ ለማቅለጥ በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰዎች ሞክረው ገንዘባቸውን ከስረዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ግሌንብሩክ በተባለው ቦታ ሥራው ተሳክቷል። እዚያ አሸዋው በመጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል ጋር በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ ሳይቀልጥ አብዛኛውን ኦክሲጅኑን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል። አሸዋው የቀድሞው አሸዋ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

፮. ለአገራችን የሚስማማው

በአገራችን እንደ ያዩ ባሉ ቦታዎች የድንጋይ ከሰል ቢገኝም ለኮክ የሚሆን ዓይነት አይደለም። የእንጨት ከሰልን ለዚህ ሥራ ማዋል የቀረውን ደን መጨረስ ይሆናል። የውሃ ኀይል ግን አለን። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ኀይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበረ። በ2002 ዓ.ም. ከጣና ውሃ ተስቦ የተሠራው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ኮክ የሌላትና የውሃ ኀይል ያላት አገር ወደ ኤሌክትሪኩ መንገድ ብታዘነብል ተገቢ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ የቢቂላልን ማዕድን እንዳለ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ መክተት አይበጅም። ምክንያቱ ፎስፎረስ ነው። ቲታኒየም ኦክሲጅኑን አልለቅም ሲል፣ ፎስፎረስ ደግሞ ቶሎ ይለቅና ወደ ብረቱ ይገባል። ፎስፎረስ የበዛበት ብረት በብርድ ጊዜ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ከእሳቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ማዕድኑ ተፈጭቶ ማግኔታይቱ በማግኔት፣ አፓታይቱ በውሃና በአረፋ ይለያል። ኢልሜናይት በማግኔት የሚሳበው በደካማው ስለሆነ እርሱም ለብቻው ሊወጣ ይችላል። አፓታይቱ ለማዳበሪያ፣ ኢልሜናይቱ ለነጭ ቀለም፣ ማግኔታይቱ ለብረት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ የሚሳካው ግን የማዕድኖቹ ቅንጣቶች ተፈጭተው እስኪላቀቁ ድረስ የተለያዩ ከሆኑ ነው። ቲታኒየሙ በማግኔታይቱ ቅንጣት ውስጥ ገብቶ ከተዋሐደ ማግኔት ሁለቱን አብሮ ያነሣል፤ ያን ጊዜ መለየቱ የምድጃው ድርሻ ይሆናል። እንግዲህ ስለ አንድ ክምችት «ብረቱ ከመቶ ይህን ያህል ነው» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ቲታኒየሙ ስንት ነው? ፎስፎረሱ ስንት ነው? ቅንጣቶቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ተለያይተዋል ወይስ ተዋሕደዋል? እነዚህ ካልተመለሱ የምድጃውን ዓይነት መምረጥ አይቻልም፤ በስሕተት የተመረጠ ምድጃም የሕዝብ ገንዘብ የሚቀበርበት ጉድጓድ ይሆናል።

በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ተቋም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የብረታ ብረት ሥራ ትምህርት አብሮ ተከፍቶ ነበር። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራኑ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሆኗል። ከላይ የዘረዘርናቸው ጥያቄዎች ለተማሪ ዐቅም የሚከብዱ አይደሉም። ወፍጮ፣ ማግኔት፣ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃቸዋል። ከርብና ከጉማራ አሸዋ ላይ የተለማመደ እጅ ነገ የቢቂላልን ድንጋይ ሲሰጡት ግራ አይገባውም። መምህራኖቻችን ይህን ለተግባር ትምህርት ቢያስቡበት፣ ጓደኞቻችንም ያገኙትን ቁጥር እየጻፉ ቢያኖሩ፣ የቀጥቃጮቻችን ዕውቀት የደረሰበት ዕጣ በእኛ ዕውቀት ላይ አይደርስም።